ዝም ያለውን ቡድን በአገር ባህል መተርጎም ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «ዋና መሥሪያ ቤቱ ስዊድን በሆነ ኩባንያ ውስጥ የአንድ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ተሹሜያለሁ። በክፍሉ ጃፓናውያን፣ ኢንዶኔዢያውያን፣ ጀርመናውያንና ስዊድናውያን ይሠራሉ። በስብሰባ ላይ አስተያየት ስጠይቅ የሚናገሩት ሁልጊዜ ያው ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የቀሩት ዝም ይላሉ ወይም ‹ጥሩ ነው› ብለው ያልፋሉ። ተስማምተናል ያልነው ጉዳይ ግን ከሳምንት በኋላ ሳይፈጸም አገኘዋለሁ። የሰው ሀብት ክፍሉ የየአገሩን የባህል ነጥብ የያዘ ሰንጠረዥ ሰጥቶኝ ‹የሥልጣን ርቀታቸው ከፍተኛ ከሆነ አገሮች የመጡትን ቆፍጠን ብለህ እዘዛቸው፤ ሌሎቹን አማክራቸው› ብሎኛል። ምክሩ ልክ ነው? ወይስ ሁሉንም በዋና መሥሪያ ቤቱ አሠራር ልምራቸው?»

ሁለቱም አያዋጡም። የሰው ሀብት ክፍሉ ምክር እንዲያውም በራሱ ሰንጠረዥ እንኳ አይደገፍም። የሥልጣን ርቀት የሚባለው መለኪያ የሚናገረው አነስተኛ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ሥልጣን እኩል አለመከፋፈሉን ምን ያህል እንደሚጠብቁትና እንደሚቀበሉት ነው እንጂ በትእዛዝ ሲመሩ የተሻለ ይሠራሉ ማለት አይደለም። ቁጥሮቹንም ልብ ብለው ይዩአቸው። በደረጃ አሰጣጡ ማሌዢያ 104፣ ኦስትሪያ 11 አግኝተው ሁለቱን ጫፎች ይዘዋል፤ ኢንዶኔዢያ 78፣ ጀርመን 35፣ ስዊድን 31 ናቸው። ጃፓን ግን 54 ይዛ መሀል አካባቢ ትገኛለች፤ 68 ካገኘችው ከፈረንሳይም ታንሳለች። ጃፓናውያን ባልደረቦችዎ ትእዛዝ ይፈልጋሉ ያለዎት ሰው ሰንጠረዡን በደንብ አላነበበውም። ሰንጠረዡ ራሱ ምን ያህል ያስኬዳል የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው።

ነጥቦቹ የተገኙት የኔዘርላንድሱ ተመራማሪ ኸርት ሆፍስቴደ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት የአሜሪካው የኮምፒውተር ኩባንያ የአይ.ቢ.ኤም. ሠራተኞች የሞሏቸውን ከ116,000 በላይ መጠይቆች ተንትኖ በ1980 ካሳተመውና በኋላ ካሰፋው ጥናት ነው። ጥናቱ ለዘርፉ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ የሚተቹት ሳይቀሩ ዛሬም ከእሱ ነው የሚነሡት። ይሁን እንጂ መላሾቹ ሁሉ የአንድ ኩባንያ ሰዎች ነበሩ፤ ብሬንዳን ማክስዊኒ በ2002 ባወጣው ትችት እንዳሳየው ደግሞ ከ1000 በላይ መላሾች የተገኙት በስድስት አገሮች ብቻ ነው። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል ስም ተጠቃልለው አራቱም አንድ ነጥብ ተሰጥቷቸዋል፤ ከእነዚህ አገሮች በሁለቱ እንኳ የሠራ ሰው ይህ ምን ያህል ሻካራ መለኪያ እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል።

ከመረጃው ጉድለት ይልቅ የሚጎዳው ግን የአጠቃቀም ስህተቱ ነው። ነጥቡ የአገር አማካይ ነው፤ ሆፍስቴደ ራሱም የአገርን ነጥብ በግለሰብ ላይ መለጠፍ ስህተት መሆኑን አስጠንቅቋል። ቫስ ታራስና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው በመተንተን በ2016 ባሳተሙት ሥራ፣ በባህላዊ እሴቶች ላይ ከሚታየው ልዩነት 80 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንድ አገር ሰዎች መካከል ሆኖ አግኝተውታል፤ አገርን ከአገር የሚለየው የቀረው 20 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ከፊትዎ የተቀመጠችው ኢንዶኔዢያዊት የሒሳብ ባለሙያ ከአገሯ አማካይ በእጅጉ የራቀች ልትሆን ትችላለች፤ በዓለም አቀፍ ኩባንያ ለመቀጠር መምረጧ ራሱ ይህን የመሆን ዕድሏን ከፍ ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ ያልኩት ባህል ሥራ ላይ ለውጥ አያመጣም ለማለት አይደለም፤ ያመጣል። ኢንሲያድ በተባለው የንግድ ትምህርት ቤት ያስተማረው አንድሬ ሎራን ለየአገሩ ሥራ አስኪያጆች አንድ ሐሳብ አቅርቦ ይስማሙ እንደሆነ ጠይቋቸው ነበር፤ ሐሳቡም አንድ ኃላፊ የበታቾቹ ስለ ሥራቸው ለሚያነሷቸው ለአብዛኞቹ ጥያቄዎች ትክክለኛ መልስ በእጁ ሊኖረው ይገባል የሚል ነው። በ1980ዎቹ ባሳተማቸው ውጤቶች መሠረት የተስማሙት ከስዊድናውያን 10 በመቶ፣ ከአሜሪካውያን 18 በመቶ፣ ከጀርመናውያን 46 በመቶ፣ ከኢንዶኔዢያውያን 73 በመቶ፣ ከጃፓናውያን 78 በመቶ ነበሩ። ይህን ወደ ስብሰባ ክፍልዎ ያምጡት። «እናንተስ ምን ይመስላችኋል?» ብለው ሲጠይቁ አንዱ እውነተኛ ግብዣ አድርጎ ወስዶት ወዲያው መናገር ይጀምራል። ሌላው ኃላፊው ሳይዘጋጁ የመጡ ይመስለዋል፤ ሦስተኛው መልሱን እያወቁ ሊፈትኑት የጠየቁት ይመስለዋል፤ አራተኛው ደግሞ ከክፍሉ ሰዎች ጋር ሳይመክር በራሱ አፍ መናገሩ ድፍረት ይሆንበታል። ሦስቱም ዝም ይላሉ። ከውጭ ሲታይ ዝምታው አንድ ዓይነት ነው፤ መፍትሔው ግን ለየቅል ነው።

እዚህ ላይ በብዙ የሥራ አመራር ሥልጠናዎች ሳይቀር የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ የማዕረግ አክብሮት አንድ ነገር ነው፣ ውሳኔ የሚወለድበት መንገድ ሌላ። ለአለቃቸው ብዙ ክብር የሚሰጡ ሰዎች ሁሉ አለቃቸው ብቻውን እንዲወስን ይፈልጋሉ ብሎ ማሰብ ከስህተቶቹ ሁሉ የተለመደው ነው። ጃፓን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። በትልልቅ የጃፓን ኩባንያዎች ሪንጊ በሚባለው ነባር አሠራር የውሳኔ ሐሳቡን የሚያረቅቀው ብዙውን ጊዜ መካከለኛ ወይም ከዚያ ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ ያለ ሠራተኛ ነው። ሰነዱ ጉዳዩ ከሚመለከተው አንድ ክፍል ወደ ሌላው ይዞራል፤ እያንዳንዱ ኃላፊ አንብቦ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ያልተዋጠለት ሰው ካለ ወረቀቱ መዞር ከመጀመሩ በፊት በግል ተነጋግረው ይጨርሱታል። ሰነዱ ከበላይ ኃላፊው ጠረጴዛ ሲደርስ የማኅተሞች ረድፍ ተደርድሮበት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ስብሰባ ያለቀውን ጉዳይ ማጽደቂያ እንጂ መከራከሪያ አይደለም። በዚህ ልማድ ያደገ ባልደረባዎ በስብሰባዎ ላይ ዝም ካለ፣ እሱ የሚናገርበት ጊዜ ባለፈው ሳምንት ነበር፤ ያኔ ግን የጠየቀው አልነበረም። በአንጻሩ በብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች ሠራተኛው ሥራ አስኪያጁን በስሙ እየጠራ በነጻነት ይከራከረዋል፤ ውሳኔውን ግን አንድ ሰው በፍጥነት ይሰጠዋል፣ ካልሠራም ያው ሰው ይለውጠዋል። አክብሮቱ የላላበት ቦታ ውሳኔው የአንድ ሰው፣ አክብሮቱ የጠበቀበት ቦታ ውሳኔው የብዙ ሰው ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ባህል የሚመስለን ነገር አንዳንዴ ሕግ ሆኖ ይገኛል። ጀርመናውያን ለምን ሁሉን ሰው ሳያሳምኑ አይንቀሳቀሱም ብሎ የሚገረም ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ሕግ ከ2000 በላይ ሠራተኛ ባላቸው ኩባንያዎች ውስጥ የተቆጣጣሪ ቦርዱን ግማሽ መቀመጫ ለሠራተኞች ተወካዮች እንደሚሰጥ ልብ አይልም። ድምፅ እኩል ሲከፈል የመጨረሻው ቃል የሰብሳቢው ነው፤ ሆኖም ተወካዮቹን ሳያማክሩ ትልቅ ነገር ማሳለፍ አይታሰብም። በስዊድንም በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ አሠሪው አስፈላጊ ለውጥ ከመወሰኑ በፊት የኅብረት ስምምነት ከፈረመው የሠራተኛ ማኅበር ጋር እንዲደራደር ያስገድዳል። የዋና መሥሪያ ቤትዎ የምክክር ልማድ ከሰዎቹ ጠባይ ብቻ የመነጨ አይደለም፤ ከጀርባው ሕግ፣ ማኅበርና የሥራ ዋስትና አለ። እነዚህ በሌሉበት ቅርንጫፍ «በነጻነት ተናገሩ» ማለት የዋና መሥሪያ ቤቱን ልማድ ከነመሠረቱ መውሰድ ሳይሆን ከላይ ያለውን ብቻ ቀንጥሶ መውሰድ ነው።

ዝምታ የአንዳንድ አገሮች ጠባይ ነው የሚለውን እምነት ለመፈተን ሁለት የታወቁ ጉዳዮች ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በቴነሪፍ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ያለፈቃድ ማኮብኮብ የጀመረው የኔዘርላንድሱ አየር መንገድ የኬ.ኤል.ኤም. አውሮፕላን ነበር፤ ኔዘርላንድስ በሰንጠረዡ ላይ የሥልጣን ርቀቷ 38 ብቻ ነው። የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው አልወጣ ይሆን ሲል ጠይቆ ነበር፤ በኩባንያው ውስጥ አሠልጣኝና እጅግ የተከበረ የነበረው ዋና አብራሪ ወጥቷል ብሎ በእርግጠኝነት ሲመልስ ግን ነገሩ እዚያው ቀረ። ይህና ሌሎች አደጋዎች ካስከተሉት ምርመራ በኋላ፣ ናሳ በ1979 ባዘጋጀው ዐውደ ጥናት የተጀመረው ሐሳብ ለአብራሪ ቡድኖች የጋራ አሠራር ሥልጠና ሆነ። ሥልጠናው የማንንም አገር ባህል ለመለወጥ አልሞከረም፤ ረዳቱ ጥርጣሬውን በምን ቃል፣ ስንት ጊዜ፣ እስከ ምን ደረጃ እንደሚያሰማ፣ ዋናውም እንዴት እንደሚቀበለው በሥርዓት ደነገገ። ለሰው ጀግንነት ሲተው የነበረውን ነገር የሥራ ግዴታ አደረገው።

ሁለተኛው ከፋብሪካ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረውን የመኪና ፋብሪካ በ1982 ዘጋው፤ ፋብሪካው በሠራተኞች ቀሪነት፣ በአቤቱታ ብዛትና በምርት ጥራት ጉድለት ስሙ የጠፋ ነበር። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ኑሚ ተብሎ ሲከፈት ከተቀጠሩት አብዛኞቹ የቀድሞዎቹ ሠራተኞች፣ ማኅበሩም ያው ማኅበር ነበር። የተለወጠው አሠራሩ ነው። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ገመድ ተዘረጋ፤ ጉድለት ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ይስበዋል፣ የቡድን መሪው ይመጣል፣ ችግሩ በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ዋናው ነገር የገመዱ መኖር አይደለም፤ ገመዱን የሳበ ሰው የሚደርስለት እርዳታ እንጂ ቁጣ አለመሆኑ ነው። ብዙም ሳይቆይ የፋብሪካው ጥራት ከጃፓን እኅት ፋብሪካዎች ጋር የሚወዳደር ሆነ። ሰዎቹ አሜሪካውያን እንደነበሩ አሜሪካውያን ናቸው።

የተገላቢጦሹንም እንይ። በ2015 ቶሺባ ለዓመታት ትርፉን አጋንኖ ሲመዘግብ እንደነበር ሲጋለጥ፣ የአጣሪው ቡድን ሪፖርት የበላይን ፍላጎት መቃወም የማይቻልበት የኩባንያ ልማድ መኖሩን ጠቆመ፤ ብዙ አንባቢም «ጃፓን ናት» ብሎ አለፈ። በተከታዩ ዓመት ግን በአሜሪካው ዌልስ ፋርጎ ባንክ የሽያጭ ኮታ ያስጨነቃቸው ሠራተኞች ደንበኞች ያልጠየቋቸውን ሂሳቦች በሚሊዮን ደረጃ ሲከፍቱ መቆየታቸው ወጣ፤ ከ5,000 በላይ ሠራተኞች ተባረሩ፣ ባንኩም 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። እዚያ ደግሞ «አሜሪካ ናት፤ የግለኝነት ባህል ነው» ማለት ይቻል ይሆናል። ያው አንድ ነገር፣ ማለትም ሊደረስበት የማይችል ግብ ከላይ መውረዱና «አይቻልም» ያለ ሰው መቀጣቱ፣ በሁለት ተቃራኒ ባህሎች ከተገለጸ መግለጫው ውሃ አያነሳም። አደገኛም ነው፤ ጥፋቱ የባህል ከሆነ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። ግቡን ያወረደው ሰው ግን ስምና ፊርማ አለው።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስመለስ፣ ባህልን ከመውቀስዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ያጣሩ። አንደኛው ቋንቋ ነው። ስብሰባው የሚካሄደው በብዙዎቹ የአፍ መፍቻ ባልሆነ ቋንቋ ከሆነ፣ ዝም ያለው ሰው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን አቀናብሮ እስኪጨርስ ርእሱ አልፎት ሊሆን ይችላል፤ በእኔ ግምት «ባህል» እየተባለ ከሚነገረው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይህ ነው። ሁለተኛው የክፍሉ ታሪክ ነው፤ ከእርስዎ በፊት የነበረው ኃላፊ አፍ አውጥቶ የተናገረን ሰው በሥራ አፈጻጸም ምዘና ቀጥቶት ከነበረ፣ የሌሎቹ «ሆድ ይፍጀው» ማለት ብልህነት ነው። ሦስተኛው እርስዎን ይመለከታል፤ በልብዎ የጨረሱትን ጉዳይ ለይስሙላ ለውይይት ያቀርቡ እንደሆነ ሰዎች በሁለተኛው ጊዜ ይደርሱበታል፣ በሦስተኛው አይናገሩም።

የቀረቡልዎትን አማራጮች በዚህ ዓይን ይመዝኗቸው። በሮበርት ሃውስ የተጀመረውና በ62 ማኅበረሰቦች ውስጥ ወደ 17,000 የሚጠጉ መካከለኛ ሥራ አስኪያጆችን የጠየቀው የግሎብ ጥናት በ2004 ሲታተም፣ በሁሉም ዘንድ ከማይወደዱት የአመራር ጠባዮች መካከል አምባገነንነት አንዱ ሆኖ ተገኝቷል፤ ግልጽ ሆኖ አለመናገርም እንዲሁ። በአብዛኞቹ ማኅበረሰቦች መላሾቹ የሚመኙት የሥልጣን ርቀት በተግባር ከሚያዩት ያነሰ ነበር። ሰዎች የለመዱት ነገር የሚመኙት አይደለም፤ «እዘዛቸው» የሚለው ምክር ልማዱን እንደ ምኞት ቆጥሮታል። የዋና መሥሪያ ቤቱን አሠራር እንዳለ መጫንም ከዚህ አይሻልም፤ በአደባባይ ወዲያው መከራከርን የለመዱትን ሁለት ሦስት ሰዎች ድምፅ ይጨምራል እንጂ ዝም ያሉትን አያናግርም። የሰው ሀብት ክፍሉ ምክር መሠረት የሆነውን፣ ለየአገሩ ሰው የተለያየ አመራር መስጠትንም ጨርሶ አይሞክሩት፤ አንድ ክፍል ውስጥ አንዱን አማክሮ ሌላውን ማዘዝ አድልዎ ነው፣ ሰዎቹም እንደዚያው ያዩታል።

የእኔ ምክር ሰዎቹን ትተው የውሳኔውን መንገድ እንዲለውጡ ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርገው። ክፍሉ ደጋግሞ የሚሰጠውን አንድ ውሳኔ ይምረጡ፤ ለምሳሌ የአቅራቢ መረጣን። ስብሰባው ሁለት የሥራ ቀን ሲቀረው አንድ ገጽ ይላኩ፤ በገጹ ላይ ጉዳዩ፣ አማራጮቹ፣ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ስምና ጉዳዩ የሚዘጋበት ቀን ይጻፍ። እያንዳንዱ ሰው ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ ሁለት ነገር ይመልስ፤ የትኛውን እንደሚመርጥና ያ ምርጫ ቢከሽፍ በምን ምክንያት ሊከሽፍ እንደሚችል። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ስጋትን መናገር ለሁሉም የተሰጠ ሥራ ሲሆን አለቃን መቃወም መሆኑ ይቀራል። ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካቸውን ሰዎች ደግሞ አስቀድመው በግል ያነጋግሩ። በስብሰባው ላይ የተጻፉትን ስጋቶች ያለ ስም ያንብቡ፣ እርስዎ የራስዎን ሐሳብ መጨረሻ ላይ ይናገሩ። ሲዘጉም «ተስማማን?» ብለው አይጠይቁ፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ ሾላ በድፍን ነው። ይልቁንም እያንዳንዱ ፈጻሚ በቀጣዩ ሳምንት ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ በራሱ ቃል ይናገርና በቃለ ጉባኤው ይስፈር። የማይፈጸመው ስምምነት የሚጋለጠው እዚያች ላይ ነው።

ጥቂት ማሳሰቢያዎች አሉ። በግል የነገሩዎትን ሐሳብ የተናጋሪውን ስም ጠርተው በስብሰባ ካነሱ ሁለተኛ አይነግሩዎትም። ውሳኔው ከላይ ተወስኖ የመጣ ከሆነ እንደዚያው ይንገሯቸው፤ ሊመክሩበት የሚችሉት አፈጻጸሙን ብቻ መሆኑን ማወቅ ማንንም አያስከፋም። የባህል ሰንጠረዡን ለቅጥር፣ ለዕድገት ወይም ለምዘና ፈጽሞ አይጠቀሙበት፤ በብዙ አገሮች በትውልድ አገር ማበላለጥ በሕግ ያስጠይቃል። አሠራሩ ጊዜ ይወስዳልና ለአስቸኳይ ጉዳይ አይሆንም፤ በአስቸኳይ ጊዜ ማን ብቻውን እንደሚወስን አስቀድሞ በጽሑፍ ይታወቅ። ገደቡንም ይወቁት፤ የደመወዝና የዕድገት ሥልጣን በዋና መሥሪያ ቤቱ እጅ ከሆነና እዚያ ዝምተኛ ሰው የሚሾም ከሆነ፣ በእርስዎ ክፍል የሚደረግ ለውጥ ከክፍሉ በር አይወጣም።

መሻሻሉን በስሜት አይለኩት። ተዘግተው ከነበሩ ጉዳዮች ስንቶቹ እንደገና እንደተከፈቱና መጥፎ ዜና ወደ እርስዎ የደረሰው ከቀነ ገደቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ለሁለት ሩብ ዓመታት ይመዝግቡ። ዜናው ቀደም ብሎ መድረስ ከጀመረ አሠራሩን ወደ ሌሎች ውሳኔዎች ያስፉት። ካልጀመረ ወደ ባህል ሰንጠረዡ አይመለሱ፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት በክፍሉ መጥፎ ዜና ቀድመው የተናገሩ ሰዎች እነማን እንደነበሩና ዛሬ የት እንዳሉ ከምዘና ፋይሎቹ ያጣሩ።